ከአስር ስንት? የወገብ ህመምና የፊዚዮቴራፒ ውጤት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከመሀል አዲስ አበባ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ሁሉም ከሦስት ወር በላይ የቆየ የወገብ ህመምን የሚመለከቱ ናቸው። የሚመልሱት የዓምዱ ፊዚዮቴራፒስቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። ወገቤን ማመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ፊዚዮቴራፒ ስመላለስ አሁን አሥረኛ ቀጠሮዬ ላይ ነኝ። ባለሙያው በገባሁ ቁጥር «ህመሙ ከአስር ስንት ነው?» ይለኛል። መጀመሪያ ቀን ስድስት አልኩ፤ ባለፈው ሳምንትም ያው ስድስት ነው። ባለቤቴ «ገንዘብሽን ነው የምታባክኚው፣ ተዪው» እያለኝ ነው። እኔ ግን በፊት ማሽን ላይ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ያቅተኝ ነበር፤ አሁን አንድ ሰዓት ገደማ እቀመጣለሁ። ልተወው ወይስ ልቀጥል? (ልብስ ሰፊ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ስለ አንድ ሰዓቱ ለባለሙያው ነግረውት ያውቃሉ? ካልነገሩት ካርድዎ ላይ ያለው «6፣ 6፣ 6» ብቻ ነው፤ ያንን ካርድ የሚያይ ሁሉ ደግሞ እንደ ባለቤትዎ ነው የሚፈርደው። በስፌት ለሚተዳደር ሰው ከግማሽ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት መድረስ ትልቅ ለውጥ ነው። ችግሩ የተለካው ሌላ ነገር መሆኑ ነው።

የህመም ቁጥር ጥቅም የለውም አንልም። ከ6 ወደ 4 ቢወርድ፣ ማለትም 2 ነጥብ ወይም 30 በመቶ ገደማ ቢቀንስ፣ እንደ እውነተኛ መሻል ይቆጠራል። ግን ይኸው ቁጥር ሌሊቱን እንቅልፍ ካጡ፣ ቤት ውስጥ ጭንቀት ካለ፣ ወይም ታክሲ ሰልፍ ላይ ብዙ ከቆሙ በማግስቱ ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ የሚያሳስት ነገር አለው፦ ሰው ሲሻለው ብዙ ይሠራል፣ ብዙ ሲሠራ ደግሞ ህመሙ እዚያው ቁጥር ላይ ይቆማል። የድሮው ስድስት ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ የመጣ ነው፤ የአሁኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣ ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም።

በጽሑፍ የሚሞሉ የታወቁ መጠይቆችም አሉ። የኦስዌስትሪው በ1980፣ 24 ጥያቄ ያለው የሮላንድና ሞሪስ ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. ወጡ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ስለ መቀመጥ፣ መቆም፣ መራመድ፣ ዕቃ ማንሳት ይጠይቃሉ። ስለ ስፌት ማሽን ፔዳል፣ ስለ ምጣድ፣ ስለ ስግደት ግን አይጠይቁም። ለዚህ የሚሆነው በ1995 እ.ኤ.አ. የካናዳ ባለሙያዎች ያወጡት፣ ህመምተኛው ራሱ በመረጣቸው ተግባራት ላይ የሚያተኩረው መለኪያ ነው። አሠራሩ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ወረቀትና እስክርቢቶ ይበቃዋል።

ወገብዎ ምክንያት ሆኖ ያቃተዎትን ወይም ያስቸገረዎትን ሦስት ሥራ ይምረጡ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይስጡ። 0 ማለት ጭራሽ አልችለውም፣ 10 ማለት ከመታመሜ በፊት እንደነበረው እሠራዋለሁ ማለት ነው። (ልብ ይበሉ፣ ከህመሙ ቁጥር በተቃራኒ እዚህ ከፍ ያለው ነው ጥሩው። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ሲጽፉ የሚምታታባቸው ብዙ ናቸው።) ቀኑን ይጻፉበት። በየሦስት ሳምንቱ፣ የድሮውን ነጥብ ሸፍነው፣ እንደገና ይሙሉ።

ለእርስዎ ሦስቱ እነዚህ ናቸው እንበል፦ ሳይነሱ አንድ ሰዓት ተኩል መስፋት 3፣ የጨርቅ ጥቅል ከወለል አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማድረግ 2፣ ከቸርችል ጎዳና ታች እስከ ጊዮርጊስ ሳያርፉ ዳገቱን መውጣት 4። አማካዩ 3 ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ 6፣ 5 እና 5 ቢሆኑ አማካዩ 5.3 ይሆናል። የሦስቱ አማካይ 2 ነጥብና ከዚያ በላይ ከጨመረ ለውጡ እውነተኛ ነው ይባላል፤ ለአንድ ሥራ ብቻውን ግን 3 ነጥብ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ መስፋቱና ጥቅል ማንሳቱ ተሻሽለዋል፤ የዳገቱ አንድ ነጥብ ግን የዕለት መዋዠቅ ሊሆን ስለሚችል አይቆጠርም። ለባለሙያው የሚጠቅመው መረጃም ይኸው ነው፦ ከእንግዲህ እግርና ዳሌ ማጠናከሪያው ላይ፣ በደረጃና በዳገት ልምምድ ላይ ማተኮር አለበት ማለት ነው።

ምርጫው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ሥራዬን በደንብ መሥራት» የሚል ግብ አይለካም፤ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ኪሎ፣ ምን ያህል ርቀት የሚል ነገር ይፈልጋል። ዛሬ 8 የሚሰጡትን ሥራም አይምረጡ፤ ሊያድግ የሚችለው 2 ብቻ ነው። በዓመት አንዴ የሚሠራ ሥራም በየሦስት ሳምንቱ ሊመዘን አይችልም።

ሌላው ስህተት ደህና በዋሉበት ቀን የከረመውን ሥራ ሁሉ መጨረስና ሦስት ቀን መተኛት ነው። ነጥቡ ሲወጣና ሲወርድ የሚከርመው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ያህል ስንት ደቂቃ ተቀምጠው መስፋት እንደቻሉ ይመዝግቡና አማካዩን ይውሰዱ። ከዚያ 80 በመቶው ላይ ይጀምሩ። አማካዩ 50 ደቂቃ ከሆነ በ40 ደቂቃ ተነስተው ሁለት ደቂቃ ይራመዱ፤ ደህና ቢሆኑም ይነሱ፣ ቢያምዎትም እዚያ ድረስ ይሞክሩ። በየሳምንቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምሩ።

እንግዲህ ይቀጥሉ፤ ሂሳቡን ግን ዛሬ ይጀምሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የሦስቱ ሥራዎች አማካይ 2 ነጥብ ካልጨመረ ያንኑ ሕክምና ማራዘም ትርጉም የለውም፤ ዕቅዱ ራሱ መቀየር አለበት። ለባለቤትዎም ወረቀቱን ያሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ 68 ዓመቴ ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ «ግብዎን ጽፈው ይምጡ» አለችኝ። «እንደ ድሮው ቆሜ ማስቀደስና በሕማማት መስገድ» ብዬ ብወስድላት «ጋሼ፣ ይሄ አይለካም» ብላ መለሰችልኝ። ታዲያ እንዴት ነው የሚጻፈው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ልክ ናት፤ ግን ግቡ ጥሩ ነው፣ አይተዉት። የሚያስፈልገው ለሁለት መክፈልና በደረጃ ማስቀመጥ ብቻ ነው። መቆምና መስገድ ለወገብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ አንድ ላይ ከተጻፉ አንዱ ሲሻሻል ሌላው ይሸፍነዋል።

ለዚህ የሚያገለግል ዘዴ አለ። ኪሬሱክና ሸርማን የተባሉ ባለሙያዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ለአእምሮ ጤና አገልግሎት ያወጡት ነው፤ በኋላ በተሃድሶ ሕክምና በሰፊው ተለመደ። ለእያንዳንዱ ግብ አምስት እርከን ይጻፋል። በተወሰነው ቀን ይደረሳል ተብሎ የሚጠበቀው 0 ይባላል፤ ከእሱ የተሻለው +1፣ በጣም የተሻለው +2፤ ያነሰው −1፣ በጣም ያነሰው −2 ነው። ለመቆሙ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

−2፦ ከ15 ደቂቃ በታች መቆም፣ ወይም ጭራሹኑ መቅረት
−1፦ በመቋሚያ ተደግፎ 15 ደቂቃ መቆም (የዛሬው)
0፦ በመቋሚያ 40 ደቂቃ ቆሞ፣ 10 ደቂቃ ተቀምጦ እንደገና መነሳት
+1፦ በመቋሚያ አንድ ሰዓት ሳይቀመጡ መቆም
+2፦ ሰው ሁሉ በሚቀመጥበት ብቻ እየተቀመጡ ቅዳሴውን መጨረስ

የዛሬውን ሁኔታ −1 ላይ ያደረግነው በምክንያት ነው። −2 ላይ የሚያስቀምጡት አሉ፤ ያኔ ግን ቢብስብዎት የሚጻፍበት ቦታ አይኖርም።

ለስግደቱም እንዲሁ በቁጥር፦ ዛሬ በአንድ ጊዜ 3 ሙሉ ስግደት ከሆነ እሱ −1 ነው። 12 ቢሆን 0፣ 24 ቢሆን +1፣ 41 ቢሆን +2 ይባል።

ጊዜውን ከዓርብ ስቅለት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። እንዲህ ላለ ለውጥ 12 ሳምንት ያህል ያስፈልጋል፤ ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ልምምዱ ጾሙ ከመግባቱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ነነዌም ሳትገባ መጀመር አለበት። ጾሙ ሲገባ የሚጀምሩ ሰዎች ሕማማት ላይ ሲደርሱ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው።

ልምምዱ ራሱ በዝርዝር፦ አንድ እጅ ወንበር ወይም መቋሚያ ላይ አድርገው አንድ ጉልበት ያስቀድሙ፤ ሁለተኛው ይከተል፤ ከዚያ ሁለት እጅ መሬት፣ በመጨረሻ ግንባር። ሲነሱ በተገላቢጦሽ፦ አንድ እግር ከፊት አቁመው ጭንዎ ላይ በእጅዎ ተደግፈው ይነሱ። ትንፋሽ አይያዙ። ብዙዎችን የሚጎዳው ወገብ መታጠፉ ሳይሆን ከቆሙበት በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ወድቆ በፍጥነት መነሳት ነው። ፍራሽ ወይም ወፈር ያለ ምንጣፍ ላይ በ3 ይጀምሩ፤ በሳምንት አንዴ ያህል አንድ አንድ ይጨምሩ። የጨመረ ህመም በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ፤ ካልተመለሰ ወደ ቀድሞው ቁጥር ይውረዱ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በባዶ ሆድ ከስግደት ሲነሱ ሊያዞርዎት ስለሚችል ይህን ለሐኪምዎ አስቀድመው ይንገሩ። ስለሚቀነሰው ስግደት ደግሞ የነፍስ አባትዎን ቢያማክሩ ይሻላል፤ ለታመመ ሰው ይቀነሳል።

የሁለቱ ግቦች ውጤት በቀመር ተደምሮ አንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 0 ላይ ከደረሱ 50 ይሆናል፤ አንዱ 0 ሌላው +1 ከሆነ ወደ 56 ይጠጋል። ይህ ሂሳብ ለባለሙያዋ እንጂ ለእርስዎ ብዙም አይጠቅምም። እርስዎ አንድ ነገር ብቻ ይጠብቁ፦ 0 ላይ የተጻፈው መሃል ላይ እንዳይቀየር። ግብ ዝቅ እያደረጉ «ተሳካ» ማለት ቀላል ነው፤ የዚህ ዘዴ ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ተነስቼ «ዲስክ ወጥቷል» ተባልኩ። ሦስት ወር ፊዚዮቴራፒ ሠርቼ አሁን ደህና ነኝ፤ ሥራዬንም እሠራለሁ። መዳኔን ለማረጋገጥ እንደገና ልነሳ? (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ አይነሱ። ሥራዎን እየሠሩ ከሆነ ፎቶው የሚጨምርልዎት ነገር የለም። ወገባቸውን ፈጽሞ የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ሲነሱ ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ50 ዓመት ሰዎች 80 በመቶው የዲስክ መድከም ይታይባቸዋል፤ ይህ በ2015 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ቁጥር ነው። እንደገና ተነስተው ዲስኩ እዚያው ካለ ደህና የነበሩት ሰውዬ ታማሚ ሆነው ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ገንዘቡም ይወጣል።

ምርመራ ሳይውል ሳያድር የሚያስፈልገው ለሌላ ነገር ነው። ሽንት ከያዘ ወይም ካመለጠ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለምክንያት መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት። ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረው፣ ከከፍታ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም ፊዚዮቴራፒ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ «እንዴት ነዎት እማማ?» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሎኛል ልጄ» ትለዋለች። ቤት ስንመለስ ደግሞ ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። «ከአስር ስንት» ቢሏት አይገባትም። እኔ እንጀራ መጋገር እንድትተው ነው የምፈልገው፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ እናትሽ አልዋሹም። ደክሞ ያሻቸውን ልጅ «አልተሻለኝም» ማለት ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ይቀየር፤ «እንዴት ነዎት» በሚለው ፈንታ «ትናንት ስንት እንጀራ ጋገሩ? በየት ላይ ተቀመጡ? ስንቴ አረፉ?» ይባሉ። ይህን በሐቅ ይናገራሉ፤ ምስጋናም ሆነ ማማረር ስለሌለበት።

ያለ ቁጥርና ያለ ጽሑፍ የሚለካ ነገርም አለ። መደገፊያ ያለው፣ ከፍታው 43 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ወንበር ግድግዳ አስጠግተሽ አስቀምጪ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አመሳቅለው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንቴ ሙሉ በሙሉ ቆመው እንደሚቀመጡ በስልክሽ ሰዓት ቁጠሪ። በእጃቸው ተደግፈው ከተነሱ አይቆጠርም። በ65 እና በ69 ዓመት መካከል ላለች ሴት ከ11 በታች ከሆነ ከእኩዮቿ ያነሰ ነው። በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ወንበርና በተመሳሳይ ሰዓት ድገሚው፤ ጠዋት ወገብ ስለሚደርቅ የጠዋቱን ከከሰዓቱ ጋር አታነጻጽሪ። ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ አጠገባቸው ቁሚ። ነገሩ የእግርና የዳሌ አቅምን እንጂ ህመሙን አይለካም፤ ከበርጩማ ለመነሳት የሚያስፈልገው ግን ያው አቅም ነው።

ስለ እንጀራው ግን ከእናትሽ ጋር ነን። ግቡ የሚሠራው ባለቤቱ ሲፈልገው ነው። ሴትየዋ ያልፈለጉትን «ማረፍ» ግብ ብታደርጊባቸው ልምምዱን በሦስተኛው ቀን ይተዉታል። «10 እንጀራ ጋግሮ በማግስቱ ጠዋት ያለ ሰው እርዳታ ከአልጋ መነሳት» የሚል ግብ ይያዝላቸው። ምጣዱ መሬት ላይ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ፣ ክርናቸው ከሚደርስበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ሊጡን ከባልዲ በአንድ ጊዜ አያንሱት፤ ግማሽ ግማሹን በጆግ ይቅዱ። አምስት ጋግረው ይረፉ። ሰፌዱንና ማሰሻውን በአንድ ወገን ደርድሪላቸው፤ ወገብን የሚያደክመው መጋገሩ ራሱ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ወደ ጎን እየዞሩ ዕቃ መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ ከሜክሲኮ ተነስቼ ሚኒባስ እነዳለሁ። ፊዚዮቴራፒ በሳምንት ሦስት ቀን ና ይሉኛል፤ አልጋ ላይ ተኝቼ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ያደርጉልኛል፣ ከዚያ ሂድ ይሉኛል። ቀበቶም ገዝቼ ታጥቄያለሁ። ሦስት ቀን መቅረት ማለት ለኔ የሦስት ቀን ገቢ ማጣት ነው። ምን ይሻለኛል? (ሹፌር)

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ስለቆየ የወገብ ህመም መመሪያ አውጥቶ ነበር። እንቅስቃሴን፣ ስለ ህመሙ በሚገባ ማስተማርን፣ ማሸትንና የመሳሰሉትን ይመክራል። የወገብ ቀበቶን፣ መጎተቻን፣ የአልትራሳውንድና የቴንስ (በቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ) ማሽንን ግን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። ሙቀቱ ለጊዜው ያዝናናል፤ ያንን በፎጣ በተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ቤትዎም ሊያደርጉት ይችላሉ። ለእሱ ብለው የሥራ ቀን አይክሰሩ።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ። በስንት ሳምንት ምን ማድረግ እንድችል ነው የታሰበው? ቤት የምሠራው እንቅስቃሴ የቱ ነው፣ ስንት ጊዜ? መቼ እንደገና ይለካል? ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ ሄደው ለእነዚህ መልስ ካላገኙ ሌላ ባለሙያ ቢፈልጉ አይፈረድብዎትም። አብዛኛው ሥራ ቤት የሚሠራ ከሆነ በሳምንት አንዴ፣ በኋላም በሁለት ሳምንት አንዴ መሄድ ሊበቃ ይችላል፤ ይህን በግልጽ ይነጋገሩበት።

የእርስዎ መለኪያ በእጅዎ ነው፦ ምልልስ። «ሳልወርድ ስንት ምልልስ እነዳለሁ?» የሚለውን ማታ ማታ ስልክዎ ላይ ይጻፉ። መንገድ የተዘጋጋበት ቀን ስለሚያሳስት ከምልልሱ ጎን ደቂቃውንም ያስገቡ። ዛሬ ሁለት ምልልስ ወይም 70 ደቂቃ ላይ ህመሙ ወደ እግር መውረድ ከጀመረ የ12 ሳምንቱ ግብ አራት ምልልስ ሊሆን ይችላል፤ ለጊዜው ግን በየምልልሱ ተራ ሲጠብቁ ከመቀመጫ ይውረዱ፣ ሁለት እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ወደ ኋላ አምስት ጊዜ ይለጠጡ፣ መኪናውን አንዴ ዞረው ይመለሱ። እንዲህ ሲለጠጡ እግርዎ ላይ ያለው ህመም ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ ይተዉትና ለባለሙያው ይንገሩ፤ ወደ ወገብ የሚሰበሰብ ከሆነ ግን ጥሩ ምልክት ነው፣ ይቀጥሉ።

መቀመጫውን ፍሬን እስከ መጨረሻው ሲረግጡ ጉልበትዎ ትንሽ እንደታጠፈ እስኪቀር ድረስ ወደ ፊት ያምጡት። መደገፊያው ቀጥ ካለው ትንሽ ወደ ኋላ ይዘንበል፤ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ይበቃል። የታችኛው ወገብ ከመደገፊያው ከራቀ ትንሽ ፎጣ ጠቅልለው ያስገቡበት። የኋላ ኪስ ውስጥ ያለውን የብር ቦርሳ ያውጡ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ወገን ከፍ አድርጎ ያስቀምጥዎታል። ቀበቶውን በአንድ ቀን አይጣሉት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከሰዓት ብቻ፣ በሁለተኛው ከባድ ዕቃ ሲያነሱ ብቻ እያሉ ይቀንሱት፤ ምልልሱን መጻፉን ግን በእነዚያ ሳምንታት አያቋርጡ።